አዲስ ላፕቶፕ በደጋ አገር

(በጎንደር ከተማ ለሕዝብ የቀረበ ንግግር፤ ለኅትመት ተስተካክሎ)

  ፊት ለፊት የተቀመጡትን አባቶችና እናቶች ሳይ ትንሽ ሠግቼ ነበር፤ "ላፕቶፕ ለልጆቹ እንጂ ለእኛ ምናችን ነው?" ትሉኝ ይሆናል ብዬ። ግን በከተማችን የላፕቶፕ ገንዘብ የሚያወጣው አብዛኛውን ጊዜ ልጁ አይደለም፤ ወላጅ ነው፣ ወይም ከውጭ አገር የሚልክ አጎት። ስለዚህ ከፋዩም ተጠቃሚውም አብረው ቢሰሙ ደግ ነው።

ዓላማዬ ጠባብ ነው። ላፕቶፑ ከካርቶኑ ወጥቶ የመጀመሪያው ሥራ እስኪጻፍበት ድረስ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ምን ቢደረግ ይሻላል የሚለውን መናገር ነው። ብዙ ሰው ጥንቃቄ የሚጀምረው ዕቃው ከታመመ በኋላ ነው። ወደ ጥገና ቤት ይዞት ሲመጣ ደግሞ የሚለምነው ስለ ማሽኑ አይደለም። "እሱስ ይቅር፤ ጽሑፌን ብቻ አውጡልኝ" ነው የሚለው። ላፕቶፕ ገንዘብ ከተገኘ ይገዛል፤ በውስጡ የተጻፈው ግን አይገዛም፤ እሱን የሚያድነውም ማሽኑ ገና ባዶ ሳለ የተሠራ ሥርዓት ነው። ዛሬ የምለው ሁሉ የዚህ ሐሳብ ዝርዝር ነው። ከመብራቱና ከአገራችን ከፍታ እጀምራለሁ፤ ቀጥዬ ወደ መክፈቻው ሰዓት እሄዳለሁ፤ ብዙ የምቆየው ግን ከዚያ በኋላ፣ በፍላሽና በቅጂ ጉዳይ ላይ ነው።

እንግዲህ ከመብራቱ። ላፕቶፑን ከማድነቃችሁ በፊት የቻርጀሩን ጀርባ ገልብጡና አንብቡ። በጥቃቅን ፊደል ከተጻፈው መካከል ኢንፑት የሚል የእንግሊዝኛ ቃል ታገኛላችሁ፤ ከጎኑ ከ100 እስከ 240 ቮልት፣ ከ50 እስከ 60 ኸርዝ ይላል። የእኛ መብራት 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ስለዚህ ከአሜሪካ የመጣ ላፕቶፕ እንዲህ የሚል ቻርጀር ካለው ትራንስፎርመር አያስፈልገውም። ይህን የምናገረው "የአሜሪካ ዕቃ ስለሆነ ይቃጠላል" ተብለው ከባድ ትራንስፎርመር የሚገዙ ሰዎች ስላሉ ነው። 120 ቮልት ብቻ የሚል የፀጉር ማድረቂያ በርግጥ ይቃጠላል፤ ላፕቶፕ ግን ሌላ ነው። የላፕቶፑ ችግር ሶኬቱ ላይ ነው። የአሜሪካው ጠፍጣፋ ጥርስ በእኛ ክብ ቀዳዳ አይገባም፤ መሐል ላይ የሚገባው ርካሽ መለወጫ ደግሞ ልል ከሆነ ይሞቃል፣ ብልጭ ይላል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ከዚያ ይልቅ በቻርጀሩ ጡብና በግድግዳው መካከል ያለውን ተነቃይ ገመድ ብቻ በእኛ ሶኬት በሚሆን ገመድ ለውጡት። ዋጋው ትንሽ ነው፤ ነገሩም ለዘለቄታው ያልቃል።

መብራት ሲጠፋ ላፕቶፕ ብዙም አይጎዳም፤ ባትሪ አለው። የሚጎዳው መብራት ሲመለስ ነው። ሠፈሩ ሁሉ ምጣዱን፣ ፍሪጁን፣ የውኃ ፓምፑን እንደተሰካ ትቶታል፤ መስመሩ ሲለቀቅ ያ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይስባል፣ ቮልቱም ለጥቂት ጊዜ ከፍ ዝቅ ይላል። መብራቱ ሲሄድ ቻርጀሩን ከግድግዳው ንቀሉ፤ ሲመጣም "መጣ!" ብላችሁ ወዲያው አትሰኩ። አምፖሉ ሳይርገበገብ ጥቂት ደቂቃ ሲቆይ እዩና ሰኩ። በክረምት፣ በተለይ በሐምሌና በነሐሴ መብረቅ ሲበዛ፣ ነቅሎ መተው ከማንኛውም መከላከያ ይበልጣል። ገበያ ላይ ያለው የቮልት መከላከያ ያለበት ማከፋፈያ መጥፎ ዕቃ አይደለም፤ ግን የምድር መስመር በሌለው ቤት ውስጥ ሥራውን በሙሉ አይሠራም፤ የምድር መስመር የሌለው ቤት ደግሞ በከተማችን ጥቂት አይደለም።

ስለ ባትሪ ሁለት ነገር ልበል። "አዲስ ባትሪ መጀመሪያ 12 ሰዓት ቻርጅ ካልተደረገ ይሞታል" የሚለው ምክር ዛሬም ከሱቅ ሱቅ ይዞራል። የድሮው የኒኬል ባትሪ ምክር ነው። የዛሬው ላፕቶፕ ሊቲየም አዮን ነው፤ እሱ ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1991 ሲሆን እንዲህ ያለ ልማድ አይጠይቅም። ሁለተኛው ምክር ከአምራቾች የሚመጣው ነው፦ ባትሪውን ሁልጊዜ መቶ በመቶ አትሙሉት፣ 80 ላይ ቢቆም ዕድሜው ይረዝማል ይላሉ። እውነት ነው፤ ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖችም ይህን የሚያደርግ ምርጫ አላቸው። እኔ ግን እዚህ አገር ምክሩን እንዳለ አልቀበለውም። የተጻፈው መብራት ለማይጠፋበት ቤት ነው። ነገ ጧት ጽሑፍ የምታቀርቡ ከሆነና የሠፈሩ መብራት የማይታመን ከሆነ፣ መቶ በመቶ ሙሉት፤ ባትሪው ጥቂት ወራት ቀድሞ ቢደክም ይደክም። ሳትጠቀሙበት ለብዙ ሳምንት የምትተዉት ከሆነ ግን ግማሽ ላይ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ከሁሉ በላይ፣ የመዳሰሻው ሰሌዳ ካበጠ ወይም ክዳኑ አልገጥም ካለ ባትሪው ተነፍቷል ማለት ነው። አትጫኑት፣ አትብሱት፣ ቻርጅም አታድርጉት፤ አጥፍታችሁ ባለሙያ ዘንድ ውሰዱት።

አሁን በመመሪያ መጽሐፍ ውስጥ ሰው ዘልሎት ወደሚሄደው፣ እኛን ግን በቀጥታ ወደሚመለከተው ገጽ ልውሰዳችሁ። አምራቾች "የሚሠራበት ከፍታ" ብለው የሚጽፉት ቁጥር አለ፤ ብዙውን ጊዜ 3,000 ሜትር አካባቢ ነው። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ ደባርቅ 2,850 ሜትር ያህል ላይ ተቀምጣለች፤ ከደባርቅ ወደ ስሜን ተራሮች የሚወጣ ሰው ጨነቅ የተባለው ቦታ ሲደርስ 3,600 ሜትር አልፏል። በጃናሞራና በበየዳ ደጋ የሚያስተምር መምህር ወይም የሚሠራ የጤና ባለሙያ ከ3,000 ሜትሩ በላይ ሊኖር ይችላል ማለት ነው። ነገሩ ለምን ይመለከተናል? ላፕቶፑ የሚቀዘቅዘው በአየር ነውና። በደባርቅ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ የውስጡ ማራገቢያ እኩል ቢዞር እንኳ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ደግነቱ አገሩ ቀዝቃዛ ነው፤ ብርዱ የሳሳውን አየር ይክሳል። ስለዚህ ደጋው ብቻውን ላፕቶፕ አይገድልም። የሚገድለው ደጋና ጋቢ ሲገናኙ ነው።

አትሳቁ፤ ቀልድ አይደለም። የደባርቅ ሌሊት ሲበርድ ተማሪው ምን ያደርጋል? አልጋው ላይ ይወጣል፣ ጋቢውን ይደርባል፣ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ፣ በጋቢው ላይ ያደርጋል። አየር የሚስበው ቀዳዳ ያለው ከሥር ነው፤ ጋቢው ይደፍነዋል። በዓመቱ ያ ላፕቶፕ ሲከፈት፣ በማራገቢያውና በመዳቡ ማቀዝቀዣ መካከል ጣት ያህል ስፋት ያለው ግራጫ ነገር ተጋግሮ ይገኛል፤ ሲጎትቱት እንደ ጨርቅ ተያይዞ ይወጣል። የጋቢ ብናኝ፣ የበጋው አቧራና የምድጃ ጢስ አብረው የሠሩት ነው። መድኃኒቱ ሰፊ ጣውላ ነው። ከጋቢው በላይ፣ ከላፕቶፑ በታች አንድ ጠፍጣፋ ጣውላ አስገቡ፤ ወይም ከጠረጴዛ ላይ ሥሩ።

ከፍታው በርግጥ የሚጎዳው አንድ ነገር ግን አለ፤ የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ። በውስጡ የሚያነበው እጅ ከሳህኑ ጋር አይነካካም፤ በመካከላቸው ያለችው የአየር ንጣፍ ከአንድ ፀጉር ውፍረት በሺዎች እጥፍ የቀጠነች ናት። አየሩ ሲሳሳ ያች ንጣፍ ትሳሳለች፤ ብዙዎቹ አምራቾች ከ3,000 ሜትር በላይ ዋስትና የማይሰጡትም ለዚህ ነው። ኤስኤስዲ የሚባለው ዓይነት የሚሽከረከር ነገር የለውም፤ ከፍታ አያውቅም፤ ሚኒባስ ላይ ቢንገጫገጭም ግድ የለውም። ስለዚህ ለደጋ ሰው የምመክረው አጭር ነው፦ ከሻጩ ጋር ስትነጋገሩ መጠኑ ቢያንስም ኤስኤስዲ ያለውን ምረጡ። 256 ጊጋ ኤስኤስዲ ከ1,000 ጊጋ ተሽከርካሪ ዲስክ ይሻላችኋል። አንድ ልጨምር፤ ከውርጭ የመጣን ላፕቶፕ ቡና ወደሚፈላበት ሙቅ ቤት አስገብታችሁ ወዲያው አታብሩት። በቀዝቃዛው ብረት ላይ ጤዛ ይቋጥራል። ቦርሳው ውስጥ እንዳለ ግማሽ ሰዓት ይቆይ።

እስካሁን ስለ ዕቃው ነበር። አሁን ወደ መክፈቻው ሰዓት እንለፍ።

ሱቅ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚሰማ ደግነት አለ፦ "ሁሉንም አስተካክዬ እሰጥሃለሁ፤ ቤት ስትደርስ መጠቀም ብቻ ነው።" ሻጩ ቅን ነው፤ ግን ይህን ደግነት በትሕትና እምቢ በሉ። ምክንያቱ ይህ ነው። አዳዲሶቹ ዊንዶውሶች ሲከፈቱ የኢሜይል አካውንት ይጠይቃሉ፤ ብዙዎቹም ዲስኩን በራሳቸው ይቆልፋሉ። ያ ቁልፍ 48 አኃዝ ያለው ቁጥር ሲሆን በተከፈተበት አካውንት ውስጥ ይቀመጣል። ሻጩ በራሱ ኢሜይል ከከፈተው፣ ቁልፉ የተቀመጠው በሻጩ ስም ነው ማለት ነው። ከዓመት በኋላ ላፕቶፑ ተጠግኖ ሲመለስ ሰማያዊ ገጽ አውጥቶ 48ቱን አኃዝ ይጠይቃል፤ ሻጩ ሱቁን ዘግቷል፣ ኢሜይሉን ረስቷል፤ ጽሑፉ እዚያው ዲስክ ውስጥ አለ፣ ግን ማንም አይከፍተውም። ቁልፉ መጥፎ ነገር አይደለም፤ ላፕቶፑ ቢሰረቅ ሌባው ፋይላችሁን እንዳያነብ የሚያደርገው እሱ ነው። በራሳችሁ ኢሜይል ክፈቱት፤ 48ቱን አኃዝ በወረቀት ጻፉና ከልደት ካርድና ከዲፕሎማ ጋር አስቀምጡት። በላፕቶፑ ቦርሳ ውስጥ አይደለም።

ቀጥሎ ቀኑና ሰዓቱ ነው። እዚህ ላይ እኛ ከሌላው ዓለም የተለየ ችግር አለብን። አንዳንድ ሰው ማሽኑ ዓመተ ምሕረት ሲጠይቀው በአገራችን አቆጣጠር ይሞላል፤ ሰዓቱንም ከጧቱ አንድ ሰዓት ሲሆን "1:00" ይላል። ማሽኑ ግን የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ብቻ ነውና ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ኢንተርኔት ሲከፈት "ግንኙነትዎ አስተማማኝ አይደለም" የሚል ማስጠንቀቂያ በየገጹ ይመጣል፤ ባለቤቱም ቫይረስ ገባ ብሎ ይሮጣል። ቫይረስ የለም። እያንዳንዱ ድረ ገጽ ከመቼ እስከ መቼ እንደሚሠራ ቀን የተጻፈበት መታወቂያ አለው፤ የእናንተ ማሽን ዓመቱን ወደ ኋላ ስለሚቆጥር መታወቂያው ገና ያልተሰጠ ይመስለዋል። የጊዜ ክልሉን ናይሮቢ በሚለው መስመር ላይ አድርጉና ማሽኑ ቀኑን ራሱ ከኢንተርኔት ይውሰድ። የአገራችንን ቀን ከግድግዳው ካላንደር እናነባለን።

አፕዴት የሚባለውን ብዙ ሰው እንደ ጠላት ያየዋል፤ የኢንተርኔት ጥቅል ይበላልና። ግን ግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋና ክራይ የተባለው ጥቃት ዓለምን ሲዞር ያደረገውን አስታውሱ። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ ይጠይቅ ነበር፤ በእንግሊዝ ሆስፒታሎች ቀጠሮ እስከ ማሰረዝ ደረሰ። ቀዳዳውን የሚደፍነው አፕዴት የወጣው ከዚያ ሁለት ወር ቀድሞ ነበር። የጫኑት ዳኑ፤ "ነገ" ያሉት ተያዙ። እኛ ዘንድ ደግሞ "ነገ" ማለት አንዳንዴ በፈቃድ አይደለም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ስንቱ ላፕቶፕ አፕዴት ሳያገኝ ፋይል በፍላሽ ሲለዋወጥ እንደ ከረመ አስቡት። ስለዚህ መስመር በተገኘ ጊዜ አፕዴቱ ቅድሚያ ይሰጠው። ዋይፋይ ባለበት ቦታ አውርዱ፤ በስልካችሁ ጥቅል ስትጠቀሙ ግን ያን መስመር "በልክ የሚከፈልበት" ብላችሁ ምልክት አድርጉበት፤ ትልልቁን አፕዴት ሳትፈቅዱለት አያወርድም።

ያገለገለ ላፕቶፕ ለምትገዙ አንድ ቃል። ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በጣም ያረጁ ማሽኖችን አይቀበልም፤ ኢንቴል ፕሮሰሰር ያላቸው በጥቅሉ ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ መሆን አለባቸው። ሻጩን ስለ መልኩ ሳይሆን ስለዚህ ጠይቁት። ያለ ፈቃድ፣ ክራክ ተደርጎ የተጫነን ዊንዶውስና ኦፊስ በተመለከተ ፍርዴ የጠነከረ ነው። ድህነታችንን አውቃለሁ፤ ነገር ግን ክራኩ ሥራ እንዲጀምር የመጀመሪያው ትእዛዝ "አንቲቫይረሱን አጥፋ" የሚል ከሆነ፣ በሩን ከፍታችሁ ማንን እንደምታስገቡ አታውቁም። ሊብሬ ኦፊስ በነፃ ይገኛል፤ ለመመረቂያ ጽሑፍ ይበቃል። ዊንዶውስ ይዞት የሚመጣው አንቲቫይረስም ለተራ ተጠቃሚ በቂ ነው፤ ሁለተኛ መጫን ማሽኑን ከማዝገም በቀር ብዙ ትርፍ የለውም።

የአማርኛ ጽሑፍ ጉዳይም ከመክፈቻው ሰዓት ጋር ይያያዛል። በመሥሪያ ቤቶቻችን ያሉ የቆዩ ሰነዶች በአሮጌዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ ናቸው። እነዚያ ፎንቶች የእኛን ፊደል በላቲን ፊደሎች ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት፤ ስለዚህ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ሲከፈት ደብዳቤው ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ይሆናል። ፊደላችን የራሱን ቦታ በዩኒኮድ፣ በዓለም አቀፉ የኮምፒውተር ፊደሎች ሰሌዳ፣ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዊንዶውስ ዛሬ የአማርኛ ፎንትና የአማርኛ ኪቦርድ ይዞ ይመጣል፤ በእንግሊዝኛ ድምፅ እየመቱ መጻፍ የሚመቸው ሰው ኪማን የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ይጫን። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በዩኒኮድ ጻፉ። ከሃያ ዓመት በኋላ ልጃችሁ ሊያነበው የሚችለው እሱን ነው።

የይለፍ ቃል ላይ ብዙ አልቆይም፤ የስልክ ቁጥራችሁንና የልጃችሁን ስም አታድርጉ፤ እርስ በርስ የማይገናኙ አራት የአማርኛ ቃላትን በላቲን ፊደል ቀጥሉ፤ በቃ። የሚከብደው መዋዋሱ ነው። በእኛ ባህል የጎረቤት ልጅ "እትዬ፣ ላፕቶፑን ለአንድ ሰዓት" ሲል እምቢ ማለት ነውር ነው። እምቢ አትበሉ። በመጀመሪያው ቀን ለእንግዳ የሚሆን ሁለተኛ አካውንት ክፈቱ፤ ፕሮግራም የመጫን ፈቃድ የሌለው ይሁን። የመጣው ሁሉ በእሱ ይግባ፤ የእናንተ ፋይል ለብቻው ይቀመጣል፤ ወዳጅነትም አይፈርስም። በሆስፒታል ወይም በጤና ጣቢያ የምትሠሩ ደግሞ የሕመምተኛ ስም የያዘ ፋይል በግል ላፕቶፕ ላይ ስትጭኑ ደጋግማችሁ አስቡ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ጉዳዩ የሕሊና ብቻ አይደለም።

ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ማሽኑ ተከፍቷል፣ ተስተካክሏል፤ አሁን ጽሑፍ ይጻፍበታል። ጽሑፉ ከላፕቶፑ ወጥቶ ወደ ዓለም የሚሄደው በምንድን ነው? በፍላሽ ነው። በከተማችን፣ በማራኪም ሆነ በፒያሳ፣ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ በር ላይ ባሉት የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ቤቶች ውስጥ አንድ ኮምፒውተር በቀን ስንት ፍላሽ እንደሚቀበል አይታችሁታል። አንድ ዋንጫ ለሠርግ ቤት ሁሉ ሲዞር ማለት ነው፤ አንዱ ጉንፋን ከያዘው ሁሉም ያስላል። ሾርትከት ቫይረስ የምንለው የሚራባው በዚህ መንገድ ነው። አሠራሩን እወቁት። ፍላሹ ውስጥ ያሉትን ፎልደሮች ይደብቅና በቦታቸው ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሾርትከቶች ያስቀምጣል። እናንተ ስትጫኑት ፎልደሩ ይከፈታል፤ ቫይረሱም አብሮ ይነሣል። ፎልደሩ ስለተከፈተ ምንም አልሆነም ትላላችሁ። ፍላሹ ባዶ መስሎ ሲታይ ደግሞ ሰው ተደናግጦ ፎርማት ያደርገዋል፤ ጥፋቱ የሚመጣው ያኔ ነው። ፋይሉ አልጠፋም፤ ተደብቋል። የተደበቁ ፋይሎችን አሳይ የሚለውን ምርጫ ብትከፍቱ፣ አንዳንዴም ባለሙያ ቢያግዛችሁ፣ ይገኛል።

መከላከያው ቀላል ነው። ለማተሚያ የሚሆን አንዲት ትንሽ ፍላሽ ለይታችሁ ያዙ። በውስጧ ዛሬ የሚታተመው ፒዲኤፍ ብቻ ይኑር፤ ሌላ ምንም። ከጽሕፈት ቤት ስትመለስ ፎርማት አድርጓት። ዋናው ጽሑፋችሁ ያለበት ፍላሽ ግን የማንም ኮምፒውተር ውስጥ አይግባ። ኢንተርኔት ካለ ደግሞ ፒዲኤፉን በቴሌግራም ለጽሕፈት ቤቱ ላኩት፤ ፍላሹም ከነጭራሹ ይቀራል።

ቅጂ ላይ ስንደርስ ከጎንደር ሰው ጋር መነጋገር ይቀላል። ይህች ከተማ የቁም ጸሐፊዎች ከተማ ነበረች፤ ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው መጽሐፍ ሲገለብጡ የኖሩ ሰዎች አገር ናት። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ሲያጠፉ የአብያተ ክርስቲያናቱን መጻሕፍት ሰብስበው ወደ መቅደላ ወሰዱ። ያሰቡት ለመቅደላው መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ታላቅ የመጻሕፍት ቤት ነበር። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ያ ሁሉ ስብስብ ተዘረፈ፤ 350 ያህሉ ብሪቲሽ ሙዚየም ገባ፤ ዛሬ ለንደን ብሪቲሽ ላይብረሪ ውስጥ አለ። እኔ ከዚህ የምወስደው አንድ ነገር ነው። መጻሕፍቱ በየደብሩ ተበትነው ሳሉ አንድ ጦር በአንድ ቀን ሊወስዳቸው አይችልም ነበር። ለክብራቸው ሲባል በአንድ አምባ ሲሰበሰቡ ግን አንድ ላይ ሄዱ። ቅዳሴውና ድጓው፣ ገድሉና ታሪኩ እስከ ዛሬ ያልጠፋብን፣ ሌላ ቅጂ በጣና ደሴቶች፣ በጎጃምና በትግራይ ገዳማት ስለነበረ ነው።

አሁን የተማሪውን ቦርሳ ክፈቱ። ላፕቶፑ አለ፤ ከጎኑ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ አለ፤ በኪሱ ፍላሽ አለ። "ሦስት ቦታ አስቀምጫለሁ" ይላችኋል። አውቶቡስ መናኸሪያ ላይ ቦርሳው ሲነጠቅ ሦስቱም አብረው ይሄዳሉ። ሦስት ዕቃ ነው እንጂ ሦስት ቅጂ አልነበረም። አንዱ ከላፕቶፑ ጋር ይኑር፤ ሁለተኛው ቤት ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ፤ ሦስተኛው ከዚያ ቤት ውጭ ይሁን፤ አዘዞ ያለው የአክስት ቤት ሊሆን ይችላል፤ ኢንተርኔት ካለ ደግሞ በራሳችሁ ኢሜይል ውስጥ። መቶ ገጽ ጽሑፍ ሥዕል ከሌለው በስልክ ከተነሣ አንድ ፎቶ ያነሰ ቦታ ነው የሚይዘው፤ ለራሳችሁ ኢሜይል አድርጎ መላክ ከጥቅላችሁ የሚበላው የለም ማለት ይቻላል። ጉግል በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋ ደግሞ ለብዙ ዓመት ጽሑፍ ይበቃል።

የምትገለብጡበትን ቀን ቁረጡ፤ ቅዳሜ ከገበያ መልስ ይሁን፣ እሑድ ማታ ይሁን፣ ብቻ አይለዋወጥ። ፋይሉንም "የመጨረሻ"፣ "የመጨረሻ የመጨረሻ" እያላችሁ አትሰይሙት፤ ዓመቱን፣ ወሩንና ቀኑን በአኃዝ ጻፉበት፤ በቅደም ተከተል ራሱ ይሰለፋል። አሮጌውን አትደምስሱት፤ ትናንት በስሕተት የተቆረጠ ምዕራፍ የሚገኘው ካለፈው ሳምንት ቅጂ ውስጥ ነው። አልፎ አልፎ ደግሞ ቅጂውን በሌላ ኮምፒውተር ላይ ክፈቱትና እስከ መጨረሻው ገጽ ውረዱ። ያልተከፈተ ቅጂ መኖሩ አይታወቅም። ቁም ጸሐፊዎቹም መጽሐፉን ጨርሰው ከዋናው ጋር ሳያመሳክሩ አይሰጡም ነበር።

ወላጆች፣ ለላፕቶፑ ገንዘብ ስትቆጥሩ የአንድ ኤክስተርናል ዲስክ ወይም የሁለት ጥሩ ፍላሽ ዋጋ ከዚያው ላይ ቆርጣችሁ አስቀሩ፤ ላፕቶፑ በአንድ ደረጃ ዝቅ ቢልም ግድ የለም። በመጨረሻ የምለምነው በዚህ አዳራሽ ያላችሁትን የጽሕፈት ቤት ባለቤቶች ነው፤ ጥቂቶቻችሁን በመልክ አውቃችኋለሁና አትደበቁ። የከተማው ተማሪ ሁሉ ጽሑፍ በእናንተ እጅ ያልፋል። ካሏችሁ ኮምፒውተሮች አንዱን ፍላሽ ለመቀበል ብቻ ለዩት፤ አንቲቫይረሱን አታጥፉት፣ አፕዴቱን አታስቀሩት፣ የቴሌግራም ቁጥራችሁን በሩ ላይ በትልቁ ለጥፉ። ይህን ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ብታደርጉት የዘንድሮ ተመራቂዎች ከነጽሑፋቸው ይመረቃሉ።